የዘፈኑ ፋይል ዓይነት በማጫወቻዎ ላይ ተጽፎ እንዲታይ

ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር የሚጫወት ዘፈን ፍላሽ ላይ ተገልብጦ መኪና ውስጥ ሲሰካ ይዘለላል። አንዱ አልበም ሃርድ ዲስኩን ሲያጣብብ፣ በርዝመት የሚተካከለው ሌላ አልበም ሩብ ያህሉን ቦታ እንኳ አይዝም። ከካሴት የተገለበጠ የቆየ ዘፈን ሁለት ሦስት ቅጂ ይኖረውና ዋናው የትኛው፣ ከእሱ የተቀዳው የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅታል። ሦስቱም ችግሮች መነሻቸው አንድ ነው፤ ፋይሉ ምን ዓይነት እንደሆነ ዝርዝሩ ላይ አይታይም። አብዛኞቹ ማጫወቻዎች የሚያሳዩት ርዕሱንና የዘፋኙን ስም ነው። ዓይነቱን ለማወቅ እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻ መክፈት ግድ ይላል፤ ሺህ ዘፈን ላለው ሰው ደግሞ ይህ የሚሆን ነገር አይደለም።

ይህ መመሪያ የፋይሉን ዓይነት ከርዕሱ ጎን በራሱ ዓምድ እንዴት እንደሚያሳዩ ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። የምንጠቀመው ማጫወቻ ፉባር 2000 ነው። ነጻ ነው፣ አቅሙ የደከመ ኮምፒውተር ላይም አይከብድም፤ ከሁሉ በላይ ግን ዝርዝሩ ላይ ምን እንደሚታይ ተጠቃሚው ራሱ በአጭር ቀመር ጽፎ ሊወስን ይችላል። ፕሮግራሚንግ ማወቅ አያስፈልግም፤ የሚጻፉት ቀመሮች አንድ መስመር እንኳ አይሞሉም።

ከመጀመርዎ በፊት

ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ፉባር 2000 ለስልክም አለ፤ እዚህ የምንሠራው ግን የዊንዶውሱን ነው። ፕሮግራሙን ከራሱ ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ። ሲጭኑት መደበኛውን ወይም ፖርተብል የሚባለውን አጫጫን እንዲመርጡ ይጠይቅዎታል። ፖርተብሉ ፕሮግራሙንም ማስተካከያዎቹንም በአንድ ፎልደር ውስጥ ስለሚያስቀምጥ፣ በኋላ የደከሙበትን ሁሉ ፎልደሩን በመገልበጥ ብቻ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መውሰድ ይችላሉ። ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። መጀመሪያ ሲከፈት ስለ መልኩ ቢጠይቅዎ ያቀረበውን ተቀብለው ይለፉ።

ሁለተኛው ነገር ኪቦርዱ ነው። የአማርኛ መጻፊያ ከተጫነልዎት ቀመሩን ከመጻፍዎ በፊት ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የቀመሮቹን ቃላት በእኛ ፊደል አስፍሬ ከጎናቸው አጻጻፋቸውን ፊደል በፊደል ዘርዝሬያለሁ፤ ማጫወቻው ግን የሚያውቃቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ብቻ ነው። ነጠላ ሰረዙም ቢሆን የእንግሊዝኛው (,) መሆን አለበት። በእኛው (፣) ከተጻፈ ቀመሩ ይበላሻል፤ ዓይን ደግሞ ቶሎ አይለየውም።

ደረጃ 1፦ ምን ማወቅ እንደሚፈልጉ ይወስኑ

ይህን ደረጃ ዘለው ወደ ማስተካከያው አይሂዱ። «የፋይል ዓይነት» ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ፤ የተሳሳተውን መርጦ ማሳየት ምንም ካለማሳየት የባሰ ያሳስታል።

የመጀመሪያው ቅጥያው ነው፤ በፋይሉ ስም መጨረሻ ከነጥቡ በኋላ የሚመጡት ኤምፒ3፣ ኤም4ኤ፣ ፍላክ፣ ዋቭ የሚሉት ፊደሎች። ቅጥያ የስሙ አካል ስለሆነ ማንም ሰው ሊቀይረው ይችላል። ሁለተኛው ኮዴክ ነው፤ ድምፁ በእርግጥ የተቀመጠበት ዘዴ። ቅጥያው ጆንያው ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ሲሆን፣ ኮዴኩ ውስጥ ያለው እህል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ድምፁ ሲጨመቅ ከላዩ ተቀንሶበታል ወይስ ሙሉውን ተቀምጧል የሚለው ነው።

ልዩነቱ የሚጎላው ኤም4ኤ ላይ ነው። በዚህ ቅጥያ የተሰየመ ፋይል ውስጥ ኤኤሲ የሚባለው ኮዴክ ሊኖር ይችላል፤ ኤኤሲ ጆሮ ብዙም አይለየውም የተባለውን የድምፅ ክፍል ጥሎ ፋይሉን ያሳንሳል። በዚያው ቅጥያ ውስጥ አላክ የሚባለው ሊኖርም ይችላል፤ አላክ አንዳች ሳይጥል ድምፁን ሙሉ ለሙሉ ይይዛል። ሁለቱን ፋይሎች በስማቸው መለየት አይቻልም። ኦጂጂም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ ቮርቢስ ወይም ኦፐስ ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም የሚላኩት የድምፅ መልእክቶች ኦጂጂ ውስጥ የተቀመጡ የኦፐስ ፋይሎች ናቸው፤ አጫጭር ትምህርቶችንና ስብከቶችን ከቴሌግራም የሚሰበስብ ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው ነው፤ አንድ ዓምድ ብቻ የሚጨምሩ ከሆነ ኮዴኩን ያሳዩ። ቅጥያውን ለብቻው አያሳዩ።

ደረጃ 2፦ የራስዎን ዓምድ ይፍጠሩ

ፉባር 2000ን ከፍተው «ፋይል» ከሚለው ሜኑ «ፕረፈረንስስ» የሚለውን ይምረጡ፤ ኮንትሮልና ፒን አንድ ላይ መጫንም ያደርስዎታል። በግራ በኩል ካለው ዝርዝር «ዲስፕሌይ»ን፣ በስሩ «ዲፎልት ዩዘር ኢንተርፌስ»ን፣ በእሱም ስር «ፕሌይሊስት ቪው»ን ይክፈቱ። «ከስተም ኮለምንስ» በሚለው ክፍል አዲስ ዓምድ ይጨምሩ።

አዲሱ ዓምድ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንዱ ስሙ ነው፤ ስሙን በአማርኛ «ዓይነት» ብለው መጻፍ ይችላሉ፣ ማጫወቻው የእኛን ፊደል ያለ ችግር ያሳያል። ሁለተኛው «ፓተርን» የሚለው ሲሆን ቀመሩ የሚጻፈው እዚህ ነው፦

%ኮዴክ%

አጻጻፉ ሲ፣ ኦ፣ ዲ፣ ኢ፣ ሲ ሲሆን ግራና ቀኙን የፐርሰንት ምልክት ይዘጋዋል። በፐርሰንት ምልክት መካከል የሚገባ ቃል ማጫወቻው ከፋይሉ አንብቦ የሚተካው መረጃ ነው። በመካከሉ ክፍት ቦታ አይተዉ። ጽፈው ሲጨርሱ «አፕላይ»ን ይጫኑ። ብዙ ሰው መስኮቱን በኤክስ ምልክቱ ይዘጋና የጻፈው ይጠፋበታል።

ደረጃ 3፦ ዓምዱን ዝርዝሩ ላይ ያውጡት

ዓምዱ ስለተፈጠረ ብቻ አይታይም። ከዘፈኖቹ ዝርዝር በላይ የዓምዶቹ ስሞች ያሉበትን መስመር ቀኝ ክሊክ ያድርጉ፣ «ኮለምንስ» የሚለውን ይክፈቱ፣ ከሚመጣው ዝርዝር «ዓይነት»ን ይምረጡ። ከዚያ ስሙን በማውዝ ይዘው ወደሚፈልጉት ቦታ ይጎትቱት። ከርዕሱ ቀጥሎ ቢሆን ይሻላል፤ ቀኝ ዳር ላይ ከተተወ መስኮቱ ሲጠብ ከዓይን ይርቃል።

አሁን በየዘፈኑ ትይዩ የኮዴኩ ስም መነበብ አለበት። ካልሆነ የሚያዩት ነገር ጥፋቱ የት እንዳለ ይነግርዎታል። በየመስመሩ የጥያቄ ምልክት ብቻ ከታየ በፐርሰንቶቹ መካከል ያለው ቃል ተሳስቷል፤ አንድ ፊደል ተዘልሏል ወይም ቃሉ በአማርኛ ኪቦርድ ተጽፏል። ኮዴክ የሚለው ቃል ራሱ በየመስመሩ ተደጋግሞ ከታየ የፐርሰንት ምልክቶቹን ረስተዋል ማለት ነው። በኋላ በምናያቸው ቀመሮች ላይ በትልቁ ፊደል «አንኖውን ፈንክሽን» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ደግሞ ከዶላር ምልክቱ በኋላ ያለው ትእዛዝ ስሙ ተሳስቷል።

ደረጃ 4፦ ቅጥያውን ከጎኑ አስቀምጠው ያስተያዩ

ኮዴኩ ከታየ በኋላ ቅጥያው ሥራ ያገኛል፤ ሁለቱ ሲተያዩ ስማቸው የተቀየረ ፋይሎች ይጋለጣሉ። በደረጃ 2 እንዳደረጉት ሌላ ዓምድ ይፍጠሩና «ቅጥያ» ብለው ይሰይሙት። ቀመሩ ይህ ነው፦

$አፐር($ኤክስት(%ፓዝ%))

አፐር ዩ፣ ፒ፣ ፒ፣ ኢ፣ አር ነው፤ ኤክስት ኢ፣ ኤክስ፣ ቲ፤ ፓዝ ደግሞ ፒ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኤች። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲያነቡት ግልጽ ነው፤ ፓዝ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ያመጣል፣ ኤክስት ከአድራሻው ላይ ቅጥያውን ብቻ ይቆርጣል፣ አፐር ወደ ትልልቅ ፊደል ይለውጠዋል። የተከፈቱት ቅንፎች ሁለት ስለሆኑ የሚዘጉትም ሁለት ናቸው።

ውጤቱን ሲያነቡ ሁለቱ ስለተለያዩ ብቻ አይደንግጡ። ኤም4ኤ ትይዩ ኤኤሲ፣ ዋቭ ትይዩ ፒሲኤም ቢያዩ ትክክል ነው። የሚያጠራጥረው ቅጥያው ኤምፒ3 ሆኖ ኮዴኩ ኤኤሲ ወይም ሌላ ሲሆን ነው። ይህ በብዛት የሚደርሰው ሰው የፋይሉን ስም ስለቀየረ «ኤምፒ3 አደረግሁት» ብሎ ሲያምን ነው። ስም መቀየር ድምፁን አይለውጠውም። ኮምፒውተሩ ብልህ ስለሆነ ይከፍተው ይሆናል፤ የመኪናው ማጫወቻ ግን አይከፍተውም።

እዚህ ላይ አንድ የዊንዶውስ ወጥመድ አለ። ዊንዶውስ ካልተነገረው በቀር የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች ይደብቃል። ስለዚህ በፎልደሩ ውስጥ በኤምፒ3 የሚያልቅ የሚመስል ስም፣ ከኋላው የተደበቀ ሌላ ቅጥያ ሊኖረው ይችላል። በፎልደሩ መስኮት «ቪው» ከሚለው ሜኑ የፋይል ቅጥያዎችን ማሳያውን ያብሩት፤ ቀመሩ የሚያሳይዎትና ዓይንዎ የሚያየው ያኔ ይገጥማሉ።

ሁለቱን በአንድ ዓምድ አጣምሮ ማሳየትም ይቻላል። ለየብቻ ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ የአንዱን ስም ክሊክ አድርጎ ዝርዝሩን በእሱ መደርደር የሚመቸው ሲለያዩ ነው።

ደረጃ 5፦ ሙሉ ነው ወይስ የተቀነሰ?

ይህ ዓምድ ይበልጥ የሚጠቅመው ድምፅ ለሚያስቀምጥ ሰው ነው፤ ካሴት ለሚገለብጥ፣ የቤተሰብ ቅጂ ለሚያኖር፣ መዝሙር ለሚሰበስብ። ኤምፒ3፣ ኤኤሲ፣ ቮርቢስና ኦፐስ ከድምፁ ይጥላሉ፤ የጣሉት አይመለስም። ፍላክና አላክ ይጨምቃሉ እንጂ አይጥሉም። የሚከተለው ቀመር ልዩነቱን በአማርኛ ይጽፍልዎታል፦

$ኢፍ($ስትርኮምፕ($ኢንፎ(ኢንኮዲንግ),ሎስለስ),ሙሉ,የተቀነሰ)

ኢፍ አይ፣ ኤፍ ነው። ስትርኮምፕ ኤስ፣ ቲ፣ አር፣ ሲ፣ ኤም፣ ፒ። ኢንፎ አይ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ ኦ። ኢንኮዲንግ ኢ፣ ኤን፣ ሲ፣ ኦ፣ ዲ፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ። ሎስለስ ኤል፣ ኦ፣ ኤስ፣ ኤስ፣ ኤል፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኤስ፤ እሱ በትንንሽ ፊደል ይጻፍ፣ ምክንያቱም ስትርኮምፕ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደተለያየ ነው የሚቆጥረው። «ሙሉ» እና «የተቀነሰ» የሚሉትን ብቻ በአማርኛ ኪቦርድ ይጽፏቸዋል፤ እነሱ እንዳሉ ዝርዝሩ ላይ የሚወጡ ቃላት ናቸው። ቀመሩ የሚለው፦ ፋይሉ ስለ አቀማመጡ የሚሰጠው መረጃ ሎስለስ ከሚለው ጋር ከገጠመ የመጀመሪያውን ጻፍ፣ ካልገጠመ ሁለተኛውን ጻፍ ነው። በዚህ ምክንያት እንደ ሚዲ ያለ፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ፋይል ሲገባ «የተቀነሰ» ተብሎ ይወጣል። ሚዲ ከሌለዎት አያሳስብዎ።

የቢትሬቱን መጠን ከጎኑ ማሳየት ከፈለጉ ሌላ ዓምድ ከፍተው ይህን ይጻፉ፦

[%ቢትሬት% ኪሎቢት]

ቢትሬት ቢ፣ አይ፣ ቲ፣ አር፣ ኤ፣ ቲ፣ ኢ ነው። የማዕዘን ቅንፉ ቁም ነገር አለው፤ መረጃው የሌለው ፋይል ሲመጣ ከነጽሑፉ ባዶ ያደርገዋል። ቅንፉ ከቀረ በጥያቄ ምልክት የሚጀምር ትርጉም የለሽ መስመር ያያሉ። ቁጥሩ የሚነግርዎት በአንድ ሰከንድ ስንት ኪሎቢት እንደሚነበብ ነው፤ የፋይሉንም መጠን የሚወስነው እሱ ነው። የ4 ደቂቃ ዘፈን በ128 ኪሎቢት 3.8 ሜጋባይት ያህል፣ በ320 ኪሎቢት 9.6 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ያው ዘፈን በሲዲ ጥራት ሳይጨመቅ ሲቀመጥ 1411 ኪሎቢት ስለሚሆን ከ42 ሜጋባይት ያልፋል። ሃርድ ዲስክዎን የሞላው የትኛው አልበም እንደሆነ ይህ ዓምድ ወዲያው ያሳብቃል።

ደረጃ 6፦ ዓምዱን ሥራ ላይ ያውሉት

የዓምዱን ስም አንዴ ክሊክ ቢያደርጉ ዝርዝሩ በዓይነት ይደረደራል። ለአንድ አልበም ይህ ይበቃል። ለሙሉ ስብስብ ግን ፍለጋው ይበልጣል።

መጀመሪያ በ«ፕረፈረንስስ» ውስጥ «ሚዲያ ላይብረሪ» ከሚለው ክፍል የዘፈን ፎልደርዎን ያስገቡ። ከዚያ «ላይብረሪ» ከሚለው ሜኑ «ሰርች»ን ከፍተው ይህን ይጻፉ፦

ኖት %ኮዴክ% ኢዝ ኤምፒ3

ኖት (ኤን፣ ኦ፣ ቲ) እና ኢዝ (አይ፣ ኤስ) በትልልቅ ፊደል ይጻፋሉ፤ በየቃሉ መካከል ክፍት ቦታ ይኑር። የሚመጣው ዝርዝር ስማቸው ምንም ቢል ኤምፒ3 ያልሆኑት ፋይሎች በሙሉ ናቸው። ብዙዎቹ የቆዩ የመኪና ማጫወቻዎች ኤምፒ3 እና ደብሊውኤምኤ ብቻ ነው የሚያነቡት፤ ፍላሹን ከመሙላትዎ በፊት ይህችን አንዲት መስመር ከፈለጉ መንገድ ላይ የሚዘለል ዘፈን አይኖርም። ፍለጋውን እንደ አውቶፕሌይሊስት ካስቀመጡት አዲስ ዘፈን በገባ ቁጥር ዝርዝሩ ራሱን ያድሳል።

የተገኙትን መለወጥ ከፈለጉ መርጠው ቀኝ ክሊክ አድርገው «ኮንቨርት»ን ይጠቀሙ። ወደ ኤምፒ3 ለመለወጥ ሌም (ኤል፣ ኤ፣ ኤም፣ ኢ) የተባለው ኢንኮደር ያስፈልጋል፤ የፉባር አምራቾች ከሌሎች ኢንኮደሮች ጋር በአንድ ጥቅል ለብቻው በነጻ ያቀርቡታል። የተለወጠው ቅጂ በሌላ ፎልደር ይግባ። ዋናውን አይሰርዙ።

ደረጃ 7፦ ያረጋግጡ

ሁሉንም ከማመንዎ በፊት ዓይነታቸውን በእርግጠኝነት የሚያውቋቸውን ሁለት ሦስት ፋይሎች ያስገቡና ዓምዶቹ በትክክል ይናገሩ እንደሆነ ይዩ። አንዱን መርጠው ኦልትና ኢንተርን አንድ ላይ ቢጫኑ የፋይሉ ዝርዝር መረጃ ይከፈታል፤ ኮዴኩና ቢትሬቱ እዚያም ተጽፈዋል። ሁለተኛ ምስክር ከፈለጉ ያንኑ ፋይል በቪኤልሲ ከፍተው ኮንትሮልና ጄን ይጫኑ፤ እሱም የኮዴኩን መረጃ ያሳያል።

ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም ቀይረውት ዓምዱ የድሮውን ካሳየ ማጫወቻው ቀድሞ ያነበበውን ይዞ ነው። ቀኝ ክሊክ አድርገው «ታጊንግ» ከሚለው ስር መረጃውን ከፋይሉ እንደገና የሚያነበውን ትእዛዝ ይምረጡ።

ከእነዚህ ዓምዶች አንዱም የማይነግርዎት ነገር አለ፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ። ኤምፒ3ን ወደ ፍላክ የለወጠ ሰው ፋይሉን አሳበጠው እንጂ የወደቀውን ድምፅ አልመለሰውም። ማጫወቻው ግን አሁን ያለበትን ዘዴ ብቻ ስለሚያነብ «ሙሉ» ብሎ ይጽፋል፤ በራሱ በኩል ትክክል ነው፣ ለእርስዎ ግን ማስረጃ አይሆንም። ከሰው የተቀበሉትን ፍላክ ሁሉ እንደ ዋና ቅጂ አይቁጠሩ።

የእራስዎን ግን መመዝገብ ይችላሉ። ኦልትና ኢንተር በሚከፍተው መስኮት ውስጥ «ኮሜንት» በሚለው ቦታ «ከካሴት»፣ «ከሲዲ»፣ «ከቴሌግራም» ብለው ይጻፉ። ከዚያ [%ኮሜንት%] የሚል ቀመር ያለው አንድ ዓምድ ጨምረው «ምንጭ» ይበሉት፤ ቃሉ ሲ፣ ኦ፣ ኤም፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤን፣ ቲ ነው። ከካሴት የሚገለብጡ ከሆነ ይህን ለነገ አያቆዩት፤ እያንዳንዱን ካሴት እንደገለበጡ ምንጩን እዚያው ይጻፉ።